ስታዲየሙ ሞልቶ ካዝናው ሲጎድል

(ሳንዲዬጎ ውስጥ በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ምሽት ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ። ከዚህ ወጥታችሁ የሌሊት ሥራ የምትገቡም አላችሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት መሃል ከተማ፣ ፔትኮ ፓርክ የሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም አጠገብ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቤዝቦልን የለመድኩት እዚያ ነው። በምቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንሽ ራዲዮ ነበረችኝ። ራዲዮ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ የሕዝቡ ጩኸት በአየር ቀድሞ ይደርሰኝና ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ጥቂት ሴኮንድ እጠብቃለሁ። እነዚያ ጥቂት ሴኮንዶች ናቸው ጨዋታውን ያስወደዱኝ።

በ2023 የነበረውን አልረሳም። በየምሽቱ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው "ሞልቷል" የሚለውን ሰሌዳ አወጣ ነበር። የእኛ ቡድን ፓድሬስ በዚያ ዓመት ከ3 ሚሊዮን 270 ሺህ በላይ ተመልካች አስገባ። በክለቡ ታሪክ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሳንዲዬጎ ደግሞ ኒው ዮርክ አይደለችም። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኗ ቻርጀርስ በ2017 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶባታል። የቀራት ትልቅ ቡድን ፓድሬስ ነው፤ ከተማው ወጥቶ ደገፈው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ግን ክለቡ ወጪውን ለመሸፈን ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ እንደነበር ኖቬምበር ላይ ተሰማ። ዲሴምበር ላይ ኮከቡን ሁዋን ሶቶን ለኒው ዮርክ ያንኪስ አሳልፎ ሰጠ። ስታዲየም ሞልቶ የሚበደር ቡድን! ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቤት ሙሉ እህል እያለ ቤተሰቡ የተራበ ያህል ነው የተሰማኝ። ያን ጊዜ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ዛሬ የምነግራችሁ ያኔ የገባኝን ነው።

ነገሩ ከቴሌቪዥን ይጀምራል። በትክክል ለመናገር ከኬብል ሒሳብ ወረቀት ይጀምራል።

ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት አንድ ቀን የኬብል ሒሳባቸውን ይዘው መጡ። እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው እኔ ነበርኩ የማነብላቸው። ከታች በትንሽ ፊደል የአካባቢ ስፖርት ክፍያ የሚል መስመር አለ። "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት ልጄ?" አሉኝ። እሳቸው ዜና ነው የሚያዩት። ቤዝቦል በእግር ይሁን በእጅ የሚጫወቱት አያውቁም። ለድርጅቱ ስንደውል መስመሯ ልትወጣ እንደማትችል ተነገረን። ጥቅሉን ከፈለጉ ከነስፖርቱ ነው። ካልፈለጉ ሁሉም ይቀራል።

እኔ ኬብልን ከእድር ጋር ነው የማመሳስለው። በእድር ሁሉም በየወሩ ያዋጣል። ዘንድሮ ሐዘን የደረሰበትም ያልደረሰበትም እኩል ይከፍላል። ድንኳኑም ወንበሩም ድስቱም የሚገዛው በዚያ ነው። ኬብልም እንዲሁ ነበር። አሥር ሰው ያዋጣል፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ጨዋታውን ያያሉ፣ የተጫዋቹ ደመወዝ ከአሥሩም ኪስ ይወጣል። ልዩነቱ አንድ ነው። እድርተኛ ለምን እንደሚያዋጣ ያውቃል። የኬብል ደንበኛው ግን አያውቅም ነበር። እኚያ እናት ለሁዋን ሶቶ ደመወዝ ሲያዋጡ ኖረዋል፤ ማንም ግን አልነገራቸውም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ከባድ አይደለም። የፓድሬስ ጨዋታ የሚታይበት ቻናል ወደ 1 ሚሊዮን 130 ሺህ ቤት ይደርስ ነበር። ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ቤት በወር 5 ዶላር ይሰበሰባል እንበል። በዓመት ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይመጣል። ቻናሉም ለፓድሬስ በዓመት ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል በ2012 የ20 ዓመት ውል ገብቶ ነበር። ይህ ገንዘብ ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ ሰው ቢያይም ባያይም ይመጣል። ክለቦች ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ዓመት ኮከብ የሚያስፈርሙት በዚህ ተማምነው ነው።

በዚያ ዘመን ገንዘቡ ማለቂያ ያለው አይመስልም ነበር። የስፖርት ቻናሉ ኢኤስፒኤን በ2011 ወደ 100 ሚሊዮን የአሜሪካ ቤቶች ይገባ ነበር። በ2013 ጎረቤታችን ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ከአንድ የኬብል ኩባንያ ጋር የ25 ዓመት ውል ፈረመ፤ 8.35 ቢሊዮን ዶላር። በአማካይ በዓመት 334 ሚሊዮን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ለዶጀርስ በተከፈተው አዲስ ቻናል ዋጋ ላይ ሌሎቹ የኬብልና የሳተላይት ኩባንያዎች አልተስማሙም። ስለዚህ ከ2014 ጀምሮ ከሎስ አንጀለስ ቤቶች ብዙዎቹ የገዛ ቡድናቸውን ማየት አልቻሉም። ጉዳዩ ለአብዛኛው ሰው የተፈታው በ2020 ነው። በዚያ መሃል ቪን ስከሊ ነበረ። ስከሊ ቡድኑ ገና ብሩክሊን ሳለ በ1950 ነው ጨዋታ ማስተላለፍ የጀመረው። 67 የውድድር ዘመን አንድን ቡድን በድምፁ ተሸክሟል። በሎስ አንጀለስ አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ ያወረሰው ድምፅ ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ግን የከተማው ሰው በአብዛኛው በቴሌቪዥን ሳይሰማው አለፈ። በ2016 ሊሰናበት ሲል የመጨረሻዎቹ ስድስት ስርጭቶቹ ብቻ በነፃ ቻናል ተለቀቁ። ገንዘቡ ለክለቡ ደርሷል። ደጋፊው ግን ሽማግሌውን ሊሰናበት ስድስት ጨዋታ ብቻ አገኘ። እንዲህ ያለ ነገር በብር አይተመንም።

ወደ እኛ ልመለስ። ዲዝኒ የፎክስን ንብረት ሲገዛ መንግሥት የአካባቢ ስፖርት ቻናሎቹን እንዲሸጥ አስገደደው። ሲንክሌር የተባለው ድርጅት በ2019 የእኛውን ጨምሮ ሃያ አንዱን ቻናል ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። አብዛኛውን የገዛው በብድር ነው። የገዛበት ጊዜ ደግሞ ክፉ ነበር። ሰው በገፍ ኬብል እየቆረጠ ነው። ኔትፍሊክስ አለ፣ ዩቲዩብ አለ። እኚያ ጎረቤቴም በመጨረሻ ቆረጡ፤ እኔው ነኝ ዕቃውን የመለስኩላቸው። ዓመት ሳይሞላ ኮቪድ መጣና ስታዲየሞች ተዘጉ።

ከእድሩ አንድ ሰው ሲወጣ ሌላው ትንሽ ይጨምራል። አሥር ሲወጡም እንደምንም ይቻላል። ግማሹ ከወጣ ግን ድንኳኑን ማን ይገዛል? ማርች 14 ቀን 2023 ዳይመንድ ስፖርትስ የተባለው የሲንክሌር ቅርንጫፍ ቴክሳስ ሂዩስተን በሚገኝ ፍርድ ቤት ዕዳዬን መክፈል አልቻልኩም ብሎ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዕዳው ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የ42 ቡድኖች ጨዋታ በእጁ ነበር፦ 14 የቤዝቦል፣ 16 የቅርጫት ኳስ፣ 12 የሆኪ።

ከሁሉም ቀድሞ የተጣለው የእኛው ፓድሬስ ነው። ዳይመንድ የሚከፍለውን ሳይከፍል ቀረ፤ የተሰጠው ቀነ ገደብም አለፈ። ሜይ 30 ማታ ቡድኑ ማያሚ ላይ ሲጫወት በድሮው ቻናል የታየው የመጨረሻ ጨዋታ ሆነ። በማግስቱ የቤዝቦል ሊጉ ራሱ ካሜራውን ተረከበ። አስተላላፊዎቹ ያው ዶን ኦርሲሎና ማርክ ግራንት ነበሩ። በአንድ ሌሊት የመሥሪያ ቤታቸው ስም ተቀየረ እንጂ ድምፃቸው አልተቀየረም። ያን ምሽት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ድምፃቸውን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ዘመን እንዳበቃም ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

በጎ ነገርም ነበረው፤ እውነቱን መደበቅ የለብኝም። ጨዋታው የሚደርስበት ቤት ከ1 ሚሊዮን 130 ሺህ ወደ 3 ሚሊዮን 260 ሺህ ከፍ አለ። ኬብል የሌለው ሰው በወር 19.99 ወይም ለቀሪው የውድድር ዘመን 74.99 ዶላር ከፍሎ በስልኩ ማየት ቻለ። ለደጋፊው ትልቅ እፎይታ ነው። ለካዝናውስ? 60 ሚሊዮን ዶላርን በ75 ዶላር አካፍሉት። ስምንት መቶ ሺህ ቤት ይፈልጋል። በእድሩ ጊዜ በማያውቀው ሰው ሁሉ ይሸፈን የነበረውን አሁን ወድዶ የሚከፍለው ደጋፊ ብቻውን ሊሸፍነው ነው ማለት ነው። ስምንት መቶ ሺህ ቤት በፈቃዱ እንዲህ ሲከፍል ደግሞ እኔ አላየሁም።

ሊጉ በዚያ ዓመት ለፓድሬስ ከጠፋው ገንዘብ እስከ 80 በመቶውን እተካለሁ ብሎ ነበር፤ ይህ ግን የሚቀጥል ነገር አይደለም። የክለቡ ባለቤት ፒተር ሳይድለር ለትንሽ ከተማ ትልቅ ቡድን ለመሥራት የተነሳ ሰው ነበር። የደመወዙ መጠን በ2023 ከሊጉ ሦስተኛ ነበር። በዚያው ኖቬምበር አረፈ። ሶቶ ከዚያ ወር ሳይሞላ ሄደ። እኔ ሳይድለርን አልፈርድበትም። የቆመበት ወለል ነው ከሥሩ የተነሳው።

አሁን ከሳንዲዬጎ ወጣ ብለን እንይ። "አሜሪካኖች ስፖርት ማየት ትተዋል" ሲባል ትሰማላችሁ። ቁጥር ሲጠራ እውነት ይመስላል። በ1978 የቤዝቦሉን ፍጻሜ፣ ዎርልድ ሲሪስ የሚሉትን፣ በአማካይ ከ44 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። በ2023 ቴክሳስና አሪዞና ሲጫወቱ 9 ሚሊዮን ያህል ብቻ። የቅርጫት ኳሱ ሊግ የኤንቢኤ ፍጻሜ በ1998፣ በማይክል ጆርዳን የመጨረሻ ዓመት በቺካጎ፣ በአማካይ 29 ሚሊዮን ነበር። በ2025 ኦክላሆማ ሲቲና ኢንዲያና ሲገናኙ ወደ 10 ሚሊዮን።

ግን ቆዩ። በዚያው 2025 ዶጀርስና ቶሮንቶ ሰባተኛውን ጨዋታ ሲጫወቱ እዚህ አሜሪካ ብቻ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቷል። የፌብሩዋሪውን የፉትቦል ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦል የሚሉትን፣ 127 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። በ2023 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብዙ ሰው ካያቸው 100 ፕሮግራሞች 93ቱ የፉትቦሉ ሊግ የኤንኤፍኤል ጨዋታዎች ናቸው። እንግዲህ ፍቅሩ ሞቷል ማለት አይቻልም። ድሮ ቤት ውስጥ ሦስት ቻናል ነበር፣ ምርጫ አልነበረም። አሁን ሰዉ ተበታትኗል፤ የሚሰበሰበውም ትልቅ ነገር ሲሆን ነው።

ለዚህ ነው ነገሩ ግራ የሚያጋባው። የኤንቢኤ ተመልካች ቀነሰ እያልን ሊጉ በ2024 የ11 ዓመት ውል ፈረመ፤ ከዲዝኒ፣ ከኤንቢሲና ከአማዞን ጋር፣ ወደ 76 ቢሊዮን ዶላር። የቀድሞው የዘጠኝ ዓመት ውል 24 ቢሊዮን ነበር። ተመልካቹ ሲቀንስ ዋጋው ለምን ይጨምራል? ሌላው ሁሉ ይበልጥ ስለወደቀ ነው። ድራማውን ሰው በፈለገበት ሰዓት፣ ማስታወቂያውን እየዘለለ ያያል። ጨዋታ ግን አሁኑኑ ካላየኸው ውጤቱ ይነገርሃል። በአንድ ሰዓት ብዙ ሕዝብ ፊት ማስታወቂያ ማቆም የሚፈልግ ድርጅት ከስፖርት ሌላ የሚሄድበት ጠፍቷል።

ስለዚህ ችግሩ ሁሉም ጋር እኩል አይደለም፤ ዛሬ ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ የምፈልገው ይህን ነው። የአገር አቀፉ ገንዘብ ጨምሯል። የአካባቢው ገንዘብ ፈርሷል። ኤንኤፍኤል ሁሉን ጨዋታ በአገር አቀፍ ደረጃ ሸጦ ለ32ቱም ቡድኖች እኩል ስለሚያካፍል አልተነካም። ግሪን ቤይ የምትባል ትንሽ ከተማ ከኒው ዮርክ እኩል ትቀበላለች። ቤዝቦል ግን በዓመት በቡድን 162 ጨዋታ አለው፤ አብዛኛውም በአካባቢ ቻናል ነው የሚታየው። ሆኪውም እንደዚያው። ዶጀርስ 334 ሚሊዮኑን እየተቀበለ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ርቀት ላይ ያለው የእኛ ቡድን 60ውን አጣ። ሁለቱም በአንድ ምድብ ውስጥ ነው የሚወዳደሩት።

የቤዝቦል ተጫዋቾችና የክለብ ባለቤቶች ውል ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ በደመወዝ ላይ ጣሪያ ይደረግ ይላሉ። የተጫዋቾቹ ማኅበር ደግሞ ይህን ለአሥርተ ዓመታት አሻፈረኝ ብሏል። በ1994 በዚሁ ጉዳይ ሥራ ቆመና ዎርልድ ሲሪሱ ራሱ ሳይካሄድ ቀረ። ያኔ የተጎዱት ሚሊየነሮቹ ብቻ አልነበሩም። ቢራ የሚሸጠው፣ ወንበር የሚጠርገው፣ መኪና የሚያቆመው ሁሉ ያለ ሥራ ቀረ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ደመወዙ ከዚያ ስታዲየም የሚመጣ ሰው ስንት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ ቴሌቪዥን ውል ሳወራ ስለ ሩቅ ነገር እያወራሁ አይደለም።

ደጋፊውስ? ደጋፊው ፍለጋ ላይ ነው። የሐሙስ ፉትቦል ከ2022 ጀምሮ አማዞን ላይ ነው። በ2024 የገና ዕለት ሁለቱ ጨዋታዎች ኔትፍሊክስ ላይ ነበሩ። በጃንዋሪ 2024 የካንሳስ ሲቲና የማያሚ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ከሁለቱ ከተሞች ውጭ ፒኮክ በሚባለው የኤንቢሲ የኢንተርኔት ቻናል ላይ ብቻ ነበር። ኢኤስፒኤን ብቻውን በስትሪሚንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት፣ በ2025 ሲጀመር በወር 29.99 ዶላር ነበር። ሰው ኬብል የቆረጠው ወጪ ሊቀንስ ነበር፤ አሁን አምስት ቦታ ይከፍላል።

ከሁሉ የሚብሰኝ ብላክአውት የሚሉት እገዳ ነው። አዮዋ አንድም የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ቡድን የላትም። ግን ስድስት ቡድኖች "የእኛ አካባቢ ናት" ብለው ይጠሯታል። አዮዋ ያለ ሰው ለሊጉ ስትሪሚንግ ገንዘቡን ከፍሎም ለዓመታት የስድስቱን ቡድኖች ጨዋታ ተከልክሎ ኖሯል። ይህ የአካባቢውን ኬብል ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ነው። ኬብሉ እየሞተ ሕጉ ግን ሳይነሳ ቆየ። ሊያይህ የሚለምንህን ሰው በር ዘግተህበት ከዚያ ተመልካች ቀነሰ ማለት ልክ አይደለም።

ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ስለ ዶጀርሱ ኮከብ ሾሄ ኦታኒ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። የሚያየው ግን ስልኩ ላይ፣ ሠላሳ ሴኮንድ ሠላሳ ሴኮንድ እየቆራረጠ ነው። ዘጠኙን ኢኒንግ፣ ማለትም ሙሉውን ጨዋታ፣ ቁጭ ብሎ አያይም። ሊጉ ይህን አይቶ በ2023 ወርዋሪው እንደሁኔታው በ15 ወይም በ20 ሴኮንድ ውስጥ እንዲወረውር የሚያስገድድ ሰዓት አመጣ። ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ጨዋታ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። እኔ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ከዚያ አንድ ማታ ልጄ አጠገቤ እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰዓቱ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም።

መንገድ ያገኙም አሉ። የፊኒክስ ሰንስ ባለቤት ማት ኢሽቢያ ቡድኑን በገዛበት ዓመት፣ በ2023፣ ጨዋታዎቹን ከኬብል አውጥቶ በነፃ ቻናል ለቀቃቸው፤ ለደጋፊም አንቴና በነፃ አደለ። ዩታ ጃዝም በዚያው ዓመት ወደ ነፃ ቻናል ሄደ። የሆኪው ዳላስ ስታርስ በ2024 ጨዋታዎቹን ምንም በማይከፈልበት ስትሪሚንግ ላይ አወጣ። ለጊዜው ገንዘቡ ሊያንስ ይችላል። እኔ ግን ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕፃን ልጅ ያላየውን ቡድን አይወድም፤ ያልወደደውን ደግሞ አድጎ ትኬት አይቆርጥለትም።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄ እንሂድ። ሻዩ ላይ ሳለን እዚህ ከፊት የተቀመጡት ጋሼ እሑድ እሑድ ፉትቦል ለማየት ብቻ ብለው በየወሩ ከመቶ ዶላር በላይ ለኬብል እንደሚከፍሉ ነገሩኝ። ጋሼ፣ የእሑዱ ጨዋታ በሲቢኤስ፣ በፎክስና በኤንቢሲ ነው። ሦስቱም በአየር በነፃ ይመጣሉ፤ ዎርልድ ሲሪሱም በፎክስ ነው። ይቺን ጠፍጣፋ አንቴና ለማሳየት ነበር ያመጣኋት። ለእርስዎ ትሁን። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤትዎ መጥቼ መስኮቱ ላይ እለጥፍልዎታለሁ፤ ለከሰዓቱ ጨዋታ እንደርሳለን።